ሳይቃጠል በቅጠል፦ በልስን ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ታሪክ

ያዘዛችሁት ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ከተቀመጣችሁበት ሳትነሡ ግድግዳውን አንድ ጊዜ ተመልከቱ። ቀለሙ የጸዳ፣ ልስኑ የተስተካከለ፣ የላሊበላ ወይም የፋሲል ግንብ ሥዕል የተሰቀለበት ይሆናል። ላዩን ሲያዩት ያማረ ነው፤ ውስጡን ግን ለቄስ። በዚያ ልስን ሥር የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሽቦ መቼ እንደ ገባ፣ ማን እንዳስገባው፣ ዛሬስ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሰው በቤቱ ውስጥ ላይኖር ይችላል።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በአንድ ወዳጃችን ቤት የደረሰ ነገር ነው። ወዳጃችን ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቶ ባጠራቀመው ገንዘብ በዋሽንግተን ዲሲ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ ከጎረቤቶቹ ጋር በግድግዳ የተያያዘ ቤት ገዛ። ሻጩ «ሙሉ በሙሉ ታድሷል» ብሎታል። እውነትም ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ወጥ ቤቱ አዲስ ነው፣ ሶኬቶቹም ነጫጭና ባለ ሦስት ቀዳዳ ናቸው። በመጀመሪያው የብርድ ወራት ታዲያ ባለቤቱ ቤዝመንት ውስጥ እንጀራ ስትጋግር፣ ልጆቹም ከጎኗ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰክተው ሲያጠኑ፣ መብራቱ ይፈዝ ጀመር። ጥቂት ቆይቶም የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ መጣ። ወዳጃችን እጁን ግድግዳው ላይ ቢያሳርፍ ልስኑ እንደ ምጣድ ዳር ሞቋል። ምጣዱንም ማሞቂያውንም ነቅሎ፣ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ፣ ቤተሰቡን ወደ ውጭ አውጥቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጠራ። ደግነቱ እሳት አልተነሣም ነበር።

በማግስቱ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥቶ ከሶኬቱ አጠገብ የመዳፍ ያህል ቀዳዳ ከፈተ። በባትሪ ቢያበራበት በጨርቅ የተሸፈነ የጠቆረ ሽቦ በነጭ የሸክላ ስኒ ላይ ታስሮ ታየ። ወዳጃችን ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ይኼ የስልክ እንጨት ስኒ እቤቴ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለ። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም መልሱ ከ140 ዓመት በፊት የሚጀምር ታሪክ አለው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግድግዳው ለእኛ እንግዳ አይደለም

የአሜሪካን የጥንት ግድግዳ አሠራር መረዳት ለኛ ሰው አያስቸግርም። በአገራችን የጭቃ ቤት ሲሠራ ቋሚ ይተከላል፤ በቋሚው ላይ ማገር አግድም ይመታል፤ ጭድ ገብቶበት የቦካው ጭቃ ይመረግበታል፤ በመጨረሻም ይለሰናል። አሜሪካኖቹም እስከ 1940ዎቹ ድረስ ቤታቸውን የሚሠሩት ከዚህ ብዙ በማይርቅ ዘዴ ነበር። ቋሚ ጣውላ ያቆማሉ፤ በላዩ ቀጫጭን የእንጨት ርብራብ በመካከሉ ትንሽ ክፍተት እየተዉ አግድም ይመታሉ፤ ከዚያም ኖራና አሸዋ ለውሰው፣ በእኛ ጭድ ፈንታ የከብት ወይም የፈረስ ፀጉር ጨምረው፣ ደራርበው ይለስኑታል። የመጀመሪያው ልስን በርብራቡ ክፍተት ሾልኮ ከኋላ በኩል እንደ ጥርስ ይነክሳል። ግድግዳውን የሚይዘው ይህ ጥርስ ነው። ዛሬ በየቦታው የምናየው የጂፕሰም ሰሌዳ ይህን ሥራ የተካው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

ልዩነቱ አንድ ነው። የኛ ግድግዳ በጭቃ የተሞላ ሲሆን የእነሱ ግን በሁለቱ ልስኖች መካከል ባዶ ነው። በአገራችን የጭቃ ቤት የመብራት ሽቦ በምስማር ተይዞ በግድግዳው ላይ፣ በግልጽ ይዘረጋል። ቢላጥ ይታያል፤ አይጥ ብትበላው ይታያል። ለዓይን ባያምርም የተደበቀ ነገር የለውም። በአሜሪካ ግን ሽቦው በባዶው ውስጥ ገባ፤ ከዚያም ተለሰነ፤ ከዚያም ተረሳ።

በመጀመሪያ የተቃጠለው የባለጸጋው ቤት ነው

ቶማስ ኤዲሰን በኒው ዮርክ ከተማ በፐርል ጎዳና ያቋቋመውን የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሥራ ያስጀመረው መስከረም 4 ቀን 1882 ነው። ጣቢያው በመጀመሪያ ያበራው 400 ያህል አምፖል ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ ሽቦን በቤት ውስጥ እንዴት መዘርጋት እንደሚገባ የሚናገር የተባበረ ደንብ አልነበረም። አንዳንዱ ሽቦውን በእንጨት ላይ ይመታዋል፤ አንዳንዱ በድሮው የጋዝ መብራት ቧንቧ ውስጥ ይሰደዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከምንጣፍና ከግድግዳ ጨርቅ ሥር ይደብቀዋል። ሽፋኑም ብዙ ጊዜ በሰም ወይም በቀለም የተነከረ የጥጥ ክር ነበር።

የዚህን መዘዝ በመጀመሪያ የቀመሱት ድሆች አልነበሩም። ኤሌክትሪክ ያኔ የከበርቴ መጫወቻ ነበርና። የኤዲሰንን ሥራ በገንዘብ ይረዳ የነበረው ታላቁ የባንክ ባለቤት ጄ. ፒ. ሞርጋን በማዲሰን ጎዳና ያለውን መኖሪያ ቤቱን በ1882 በኤሌክትሪክ አስበራ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛው በተዘረጋው ሽቦ ሰበብ በመጻሕፍት ክፍሉ ውስጥ እሳት ተነሥቶ ጠረጴዛውና ምንጣፉ ተቃጠለ። ሞርጋን ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ሽቦው እንደገና በደንብ እንዲሠራ አደረገ። የቫንደርቢልት ቤት ታሪክ ከዚህ ይለያል። ኤዲሰን በኋላ እንደ ተረከው፣ በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ውድ ጨርቅ በውስጡ የብረት ክር ነበረበት። ሽቦው ከክሩ ጋር ኮንታክት ፈጥሮ ግድግዳው ይጨስ ጀመር። የቤቱ እመቤትም በድንጋጤ የተዘረጋው ሁሉ ተነቅሎ እንዲወጣ አደረገች።

እንግዲህ በአሜሪካ የተደበቀ አሮጌ ሽቦን ከግድግዳ ማውጣትና መተካት ከኤሌክትሪክ መብራት ጋር አብሮ የተወለደ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ዘመን አንድ ሊዘነጋ የማይገባው ጥቁር ሰው ነበር። ሉዊስ ላቲመር በ1848 ከባርነት አምልጠው ከወጡ ወላጆች የተወለደ ሲሆን፣ የንድፍ ሥራን ራሱን በራሱ አስተምሮ የአምፖል ውስጥ የካርቦን ክር የሚሠራበትን የተሻለ ዘዴ በ1882 በስሙ አስመዘገበ። በኒው ዮርክ፣ በፊላዴልፊያ፣ በሞንትሪያልና በለንደን የመብራት ተከላ ሥራዎችን በኃላፊነት መርቷል። በ1884 ከኤዲሰን ድርጅት ጋር መሥራት ጀመረ፤ በ1890ም ስለ ኤሌክትሪክ መብራት መጽሐፍ አሳተመ። ልጆቻችን የኤዲሰንን ስም በትምህርት ቤት ይሰማሉ፤ የላቲመርን ስም ግን እኛው ካልነገርናቸው የሚሰሙበት ዕድል ጠባብ ነው።

ደንቡ የወጣው ከአመድ ውስጥ ነው

ከተሞች በኤሌክትሪክ እየደመቁ በሄዱ ቁጥር እሳቱም በዛ። ኪሣራው የበዛባቸው የመድን ድርጅቶች ነበሩና ደንብ ይውጣ ብለው አጥብቀው የያዙትም እነሱ ናቸው። በ1893 በቺካጎ ታላቁ የዓለም ትርዒት ሲከፈት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አምፖሎች በእንጨትና በልስን በተሠሩ አዳራሾች ውስጥ በሩ። ዊልያም ሜሪል የተባለ ወጣት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የትርዒቱን ሽቦዎች እንዲመረምር ከቦስተን ተልኮ መጣ። ሥራውን ሲጨርስ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ለገበያ ከመውጣታቸው በፊት በእሳትና በውጥረት የሚፈትን አነስተኛ ቤተ ሙከራ በ1894 አቋቋመ። ዛሬ በምጣዳችሁም ሆነ በስልክ መሙያችሁ ጀርባ በክብ ውስጥ ተጽፈው የምታዩዋቸው «ዩ ኤል» የሚሉት ሁለት ፊደላት ከዚያ ቤተ ሙከራ የመጡ ናቸው።

እስከ 1895 ድረስ በአሜሪካ ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ አምስት የኤሌክትሪክ ደንቦች ነበሩ። በ1896፣ ማለትም አባቶቻችን ዓድዋ ላይ ድል ባደረጉበት ዓመት፣ የሚመለከታቸው ሁሉ በኒው ዮርክ ተሰብስበው መከሩ። በዚያው ዓመት ብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበር ተመሠረተ። በ1897 ደግሞ የመጀመሪያው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ወጣ። ማኅበሩ ከ1911 ጀምሮ ደንቡን በኃላፊነት ተረክቦ እስከ ዛሬ ያሻሽለዋል። አሁን በየሦስት ዓመቱ ይታተማል። የደንቡን አንቀጾች የሚያውቁ ሰዎች እንደሚሉት በብዙዎቹ አንቀጾች ጀርባ የተቃጠለ ቤት ወይም የሞተ ሰው አለ።

በኛም አገር ዳግማዊ ምኒልክ በቤተ መንግሥታቸው የኤሌክትሪክ መብራት ያበሩት በዚሁ በ1890ዎቹ መጨረሻ ነው። ሆኖም መብራት ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ለሕዝብ እስኪዳረስ ብዙ ዘመን ወስዷል። ሁላችንም «መብራት ኃይል» እያልን የምንጠራው መሥሪያ ቤት በባለሥልጣንነት የተቋቋመው በ1956 ነበር።

ስኒውና ቱቦው

ወዳጃችን በግድግዳው ውስጥ ያገኘው አሠራር ከ1880ዎቹ ጀምሮ እስከ 1930ዎቹና 40ዎቹ ድረስ በአሜሪካ ቤቶች ውስጥ በሰፊው የተሠራበት ነው። ሁለቱ ሽቦዎች፣ ፌዙና ኒውትራሉ፣ ተለያይተው ለየብቻቸው ይዘረጋሉ። እንጨቱን እንዳይነኩ በሸክላ ስኒ ላይ ይታሰራሉ። እንጨት አቋርጠው ማለፍ ሲኖርባቸው ደግሞ በሸክላ ቱቦ ውስጥ ይገባሉ። ሽቦው መዳብ ነው፤ ሽፋኑ ጎማ ሆኖ በላዩ የጥጥ ክር ተጠልፎበታል። መገጣጠሚያው በቆርቆሮና በእርሳስ ይበየድና በጎማ በተነከረ ጨርቅ ይጠቀለላል።

እውነቱን መናገር ካስፈለገ ይህ በዘመኑ መጥፎ ሥራ አልነበረም። እንዲያውም ጥሩ ሥራ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች የተራራቁ ስለሆኑ በቀላሉ አይነካኩም። በዙሪያቸውም ባዶ አየር ስላለ ሙቀታቸውን ለአየሩ ይሰጣሉ። ጉድለቱ ሌላ ነው። አንደኛ፣ የመሬት መስመር የለውም። ስለዚህ የማጠቢያ መኪናው ወይም የማቀዝቀዣው ሣጥን ኤሌክትሪክ ቢይዝ መውጫው የሰው አካል ይሆናል። ሁለተኛ፣ ጎማው በዘመን ብዛት ይደርቃል፤ ሲነኩት እንደ ደረቀ ቅጠል ይረግፋል። ሦስተኛና ዋነኛው፣ የተሠራው ለጥቂት አምፖሎችና ለአንድ ሬዲዮ እንጂ ለዛሬ ኑሮ አይደለም።

በዚህ ላይ ማንም ያላሰበው ነገር መጣ። በ1973 የዓለም የነዳጅ ዋጋ ናረ። ይህ የነዳጅ ንረት በአገራችን ያደረገውን እናስታውሳለን፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች አድማ መትተው ለአብዮቱ መፈንዳት አንድ ምክንያት ሆነዋል። ብዙዎቻችንን ለስደት የዳረገው ጉዞ አንዱ መነሻም ያ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ያው የነዳጅ ንረት ሰዉን ሙቀት ለመቆጠብ አስሮጠው። በየቆየው ቤት ግድግዳ ቀዳዳ እየተከፈተ እንደ ጥጥ ያለ መሸፈኛ ተነፋበት። አየሩን ተማምኖ የተዘረጋው አሮጌ ሽቦ በብርድ ልብስ እንደ ተጠቀለለ ሰው ሆነ፤ ሙቀቱን የሚሰጥበት አጣ። ደንቡ እንዲህ ያለውን ሽቦ በመሸፈኛ መቅበርን በ1987 እትሙ ከልክሏል። ከዚያ በፊት የተሸፈነው ግን እስካሁን በየግድግዳው አለ።

የተተኪዎቹ ታሪክ

በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ አድርጎ በተጠማዘዘ የብረት ልባስ ውስጥ የሚያስገባ ኬብል ወጣ። ጠንካራ ነው፤ አይጥም አትበላውም። የመጀመሪያዎቹ ግን ልባሳቸው ሲዝግ ኤሌክትሪክን በደንብ ወደ መሬት አያስተላልፍም። ኮንታክት ሲፈጠር ብረቱ ራሱ እንደ ምድጃ ሽቦ ሊግል ይችላል። በ1922 በኒው ዮርክ ግዛት ሮም በተባለች ከተማ የሚገኝ የሽቦ ፋብሪካ በጨርቅ ልባስ የተሸፈነ ቀላል ኬብል አወጣ፤ ስሙም ከከተማይቱ የተወሰደው «ሮሜክስ» ሆነ። በኋላ ልባሱ ፕላስቲክ ሆኖ የመሬት መስመርም ተጨምሮበት ዛሬ በአብዛኛው የአሜሪካ መኖሪያ ቤት የሚሠራበት እሱ ነው። ሶኬቶች ሁሉ ባለ ሦስት ቀዳዳ እንዲሆኑ ደንቡ በአዳዲስ ቤቶች ላይ ግዴታ ያደረገው በ1962 ነው።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ስሕተት መጣ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የመዳብ ዋጋ ሲወደድ ሠሪዎች ወደ አሉሚኒየም ዞሩ። ከ1965 እስከ 1973 ባለው ጊዜ በተሠሩ ብዙ ቤቶች ውስጥ የአሉሚኒየም ሽቦ ገብቷል። አሉሚኒየም ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከመዳብ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። በዚህም ምክንያት በሶኬቱ ብሎን ሥር እየላላ ይሄዳል። ላዩም ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ዝገት ያወጣል። በሚያዝያ 1974 በኒው ዮርክ ግዛት ሃምፕተን ቤይስ በተባለ ሥፍራ በአንድ ሶኬት ላይ በተፈጠረ እንዲህ ያለ ብልሽት ቤት ተቃጥሎ ሁለት ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን ያስጠናው ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ1972 በፊት በተመረተ አሉሚኒየም የተዘረጋ ቤት፣ በመዳብ ከተዘረጋው ይልቅ ከመገጣጠሚያዎቹ አንዱ እሳት ወደሚያስነሣ ደረጃ የመድረስ ዕድሉ 55 እጥፍ ነው። ስለዚህ «የኔ ቤት አሮጌ አይደለም፣ የ1970 ነው» የሚል ወገናችን ቢኖር እሱም ይጠይቅ።

ምጣድ፣ ማሞቂያና ሒሳብ

አሁን ወደ ወዳጃችን ቤት እንመለስ። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። ምጣዱ 1,500 ዋት ይላል፤ ማሞቂያውም 1,500 ዋት ይላል። ድምሩ 3,000 ዋት ነው። የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ስለሆነ 3,000ን ለ120 ስናካፍል 25 አምፔር ይመጣል። ሽቦው ግን የሚችለው 15 አምፔር ነው። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ጋር እኩል አያድግም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ15 ፈንታ 25 ሲያልፍበት ሙቀቱ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረው።

ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልወረደም? ባለሙያው ሣጥኑን ሲከፍት መልሱን አገኘ። ሣጥኑ አዲስ ነው፤ ለዚያ መስመር የተገጠመው ብሬከር ግን 15 መሆኑ ቀርቶ 30 አምፔር ነበር። ቤቱን «ያደሰው» ሰው ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግረው ትልቅ ብሬከር ገጠመለትና ገላገለው። በፊውዝ ዘመንም ሰዎች የተቃጠለ ፊውዝ ከመለወጥ ይልቅ ከኋላው የመዳብ ሳንቲም ያስገቡ ነበር። ዘበኛውን አስክሮ ማስተኛት ማለት ነው። ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬቶቹም ቢሆኑ ሦስተኛው ቀዳዳቸው ከመሬት ጋር አልተያያዘም፤ ለመርማሪ መሣሪያ ደኅና እንዲመስል ከኒውትራሉ ጋር በአጭር ሽቦ ተቀጥሏል። አዲስ ሣጥን፣ አዲስ ሶኬት፣ በመካከላቸው የመቶ ዓመት ሽቦ። አዲስ የወይን ጠጅ ባረጀ አቁማዳ ማለት ይኸው ነው።

በዚህ አጋጣሚ ከአገር ቤት በሻንጣ ስለሚመጣው የ220 ቮልት ምጣድም አንድ ቃል እንበል። ምጣዱን ለማሞቅ ሲባል ከልብስ ማድረቂያው መስመር ቀጥሎ መጠቀም የተለመደ ሆኗል። እንዲህ ያለው ሥራ ለብቻው መስመር፣ ለዋቱ የሚመጥን ሽቦና ብሬከር ይፈልጋል። በቤት ውስጥ ሙያ የሚሠራ አይደለም።

አሮጌው እንዴት ይተካል?

ብዙ ሰው ሽቦ ይለወጥ ሲባል ግድግዳው ሁሉ ይፈርሳል ብሎ ይፈራል። ጥሩ ባለሙያ ግን ግድግዳ አያፈርስም፤ ዓሣ እንደሚያጠምድ ሰው ያጠምዳል። በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ከዋናው ያጠፋና በመለኪያ መሣሪያ መጥፋቱን ያረጋግጣል። ቀጥሎም የትኛው መስመር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ካርታ ያወጣል። ከዚያም ከቤዝመንት ወደ ላይ፣ ወይም ከጣሪያ ሥር ወደ ታች፣ በቋሚዎቹ መካከል ባለው ባዶ ውስጥ ረጅም የብረት ጅማት ይሰድዳል። ጅማቱ በሶኬቱ ቀዳዳ ሲወጣለት አዲሱን ኬብል ጫፉ ላይ አስሮ ይስበዋል።

አስቸጋሪው ነገር አሮጌውን ሽቦ እንደ ገመድ ተጠቅሞ አዲሱን መሳብ አለመቻሉ ነው፤ አሮጌው በየስኒው ላይ ታስሯልና። ደንቧ በቤቶች ውስጥ የብረት ቧንቧ በምትጠይቀው በቺካጎ ግን ይህ ቀላል ነው፤ በቧንቧው ውስጥ አሮጌው ሲወጣ አዲሱ ይከተላል። በዋሽንግተን ቤቶች ሌላም ችግር አለ። ከጎረቤት ጋር የሚያዋስነው ግድግዳ ጡብ ሆኖ ልስኑ በቀጥታ ጡቡ ላይ ያረፈ ከሆነ ባዶ ቦታ የለም። ስለዚህ በልስኑ ውስጥ ቦይ ይቆፈራል፤ አለዚያም በወለሉ ዳር ያለው ጣውላ ተነሥቶ ከኋላው ኬብሉ ያልፋል። በግድግዳው መካከል አግድም እንጨት ካጋጠመም በዚያ ቦታ ትንሽ መስኮት መክፈት ግድ ነው።

ልስኑን ሲቆርጡ መዶሻ አይመከርም። ቀደም ብለን የጠቀስነው ጥርስ በንዝረት ይሰበርና የአንድ ክንድ ቀዳዳ ለመክፈት ሲሞከር ግማሹ ግድግዳ ይረግፋል። መጀመሪያ በስለት ተጭሮ፣ በትንሽ መጋዝ ቀስ ተብሎ ይቆረጣል። አሮጌው ሽቦ በሁለቱም ጫፍ ተለያይቶ፣ ኤሌክትሪክ እንደማይደርስበት ከተረጋገጠ በኋላ በግድግዳው ውስጥ ሞቶ ቢቀር ጉዳት የለውም። አደገኛው ከአዲሱ ጋር ተቀጥሎ የሚቀረው ነው። ሽቦው ሲታደስ በመታጠቢያ ቤትና በወጥ ቤት ኤሌክትሪክ ወደ ሰው አካል ሲሸሽ ወዲያው የሚያቋርጠው ሶኬት፣ በመኝታ ክፍልም በላላ መገጣጠሚያ ላይ የሚፈጠርን ብልጭታ የሚያውቀው ብሬከር አብረው ይገባሉ። የመጀመሪያው በመታጠቢያ ቤት ግዴታ የሆነው በ1975፣ ሁለተኛው በመኝታ ቤት ግዴታ የሆነው በ2002 ነው።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ግድግዳ ላይ እርሳስ ያለበት ቀለም ሊኖር ይችላል። ልስኑ ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው። ስለዚህ ክፍሉ በላስቲክ ተጋርዶ፣ ሕፃናትና እርጉዞች ከቤት ወጥተው መሠራት አለበት። ከ2010 ጀምሮ በእንዲህ ያለ ቤት በክፍያ የሚሠሩ ሰዎች ለዚህ ሥልጠና እንዲወስዱ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል።

ከማን ጋር እንሠራለን?

እኛ ስደተኞች የምናውቀውን ሰው እናምናለን፤ መልካም ባሕል ነው። «እገሌ እጁ ጥሩ ነው፣ በግማሽ ዋጋ ይሠራልሃል» ይባላል። ግን ፈቃድ የሌለው ሰው በድብቅ የሠራው ሽቦ እሳት ቢያስነሣ የመድን ድርጅቱ ካሣ ላለመክፈል ሰበብ ሊያገኝ ይችላል። የከተማው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ደግሞ ብዙዎቻችን እንደ ቀበሌ ሰው እናየዋለን፤ ስለ መንግሥት ተቆጣጣሪ ያለን ትዝታ ምን እንደሚመስል የታወቀ ነው። ይህ ሰው ግን የሚመጣው ልስኑ ከመዘጋቱ በፊት በኛ ፈንታ ውስጡን ሊያይልን ነው። ልስኑ ከተዘጋ በኋላ ማንም ምንም አያይም።

ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖችም «ታድሷል» የሚለውን ቃል ብቻ አትቀበሉ። የሥራ ፈቃዱ የት አለ በሉ። በቤዝመንት ጣሪያና ከላይ በጣሪያው ሥር የሸክላ ስኒ እንዳለ ዓይታችሁ አረጋግጡ። አንዳንድ የመድን ድርጅቶች እንዲህ ያለ ሽቦ ያለበትን ቤት ጨርሶ አይቀበሉም፤ የሚቀበሉትም ዋጋ ይጨምራሉ። ይህን ከመፈረም በፊት ማወቅ የመደራደሪያ ኃይል ነው፤ ከፈረሙ በኋላ ግን ዕዳ ነው። የምትከራዩም ብትሆኑ መብራት ሲፈዝ፣ ሶኬት ሲሞቅ፣ ሽታ ሲመጣ ዝም አትበሉ። ለአከራያችሁ በጽሑፍ አስታውቁ፤ ቅጂውንም አስቀምጡ። እናንተም ቤዝመንታችሁን ለአዲስ መጪ ወገን የምታከራዩ ከሆነ፣ በዚያ የሚተኛው ሰው አደራ እንደሆነ አትዘንጉ።

የኛ ትውልድ ልስን ምን ያህል ሊደብቅ እንደሚችል ያውቃል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ግድግዳው በአዲስ ቀለም ሲቀባ፣ ውስጡ ያለው ያው የጋለ ሽቦ ሲቀር አይተናል። አገርን በሩቅ ሆኖ ማደስ ይከብዳል። የራስን ቤት ግን ማንም አይከለክልም።

የወዳጃችን ቤት ሥራ በሦስት ሳምንት አለቀ። ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ቦታ የተለሰነ ጠባሳ አለ፤ ቀለሙ ገና አልተመሳሰለም። ለምጣዱ የብቻው መስመር ገብቶለታል። ባለሙያው ካወጣቸው የሸክላ ስኒዎች አንዱን ባለቤቱ አጥባ ከቡና ስኒዎቹ ጎን በመደርደሪያው ላይ አስቀምጣዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ እሷም ታሪኩን ትነግርና «የናንተስ ግድግዳ?» ትላለች።

እኛም እንደ እሷ እንጠይቃለን፤ የናንተስ ግድግዳ? አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ያለ ነገር አይደለም።